ሳንቲማችን የት እንደተመታ የሚናገር ምልክት ይኑረው ወይስ ይቅር?

ጣና ዳር፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ወደፊት አዲስ ሳንቲም ቢወጣ፣ የተመታበትን ቤት የሚያሳይ ትንሽ ምልክት ይኑረው ባይ ነኝ። ጌጥ አይደለም። ብሩ ቢቀል ወይም ቢበረዝ ማን እንደሚጠየቅ የሚታወቀው በእሱ ነው። የአጼ ምኒልክ የ1887 ብር ላይ የላቲን «ኤ» ፊደል አለች፤ ፓሪስ መመታቱን የምትናገር። ዛሬም ትናገራለች።

ዓባይ ማዶ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ምልክት ይዋሻል! ጠገራ ብሩን እየው፣ የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ትሬዛን። ሁሉም 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ቪየናም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም መትተውታል። ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሮም ላይ ያስመታውም ያው 1780 ነው። ከደረቷ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» ጉንዝቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ የነበረው የብር መምቻ ቤት ሹሞች፣ የሾብልና የፋቢ፣ ስም መነሻ ናቸው። ለንደን የተመታው ላይ ምን ይሠራሉ?

የአንጥረኛ ልጅ፦ አባቴ ብር ሠሪ ናቸው፣ በዚህ ነገር ዝም አልልም። ድሮ ገበያተኛው የላቲን ፊደል ባያነብም ዕንቁ ይቆጥር ነበር። ደረቷ ላይ ያለው ጌጥ 9 ዕንቁ ካልሞላ ብሩን አይቀበልም። ጠርዙ ላይ ያለው ጽሑፍም ዳር ዳሩን እየከረከሙ እንዳይሰርቁ ነው። ትናንት ማታ የአያቴን የአንገት ጠገራ በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት። ፊደሎቹ የሉም፤ ስንት ዓመት ቀሚስ ላይ ሲፋተጉ አልቀዋል። ዕንቁዎቹ ግን ሰባቱ ጥርት ብለው ይቆጠራሉ። ሰው የሚያምነው ምልክት እንዲህ ያለ ነው።

መምህርት ከቀበሌ 4፦ እኔ ደግሞ ዓይነ ስውር ተማሪዎች አሉኝ። መጀመሪያ በጣት የሚለይ ምልክት ይታሰብልን። የሳንቲም ሰብሳቢው ይደርሳል።

ጣና ዳር፦ እትዬ መምህርት፣ እውነትዎን ነው፣ እሱ ይቅደም። ዓባይ ማዶ፣ ጠገራው ያልተለወጠው ነጋዴው መልኩ የተለየውን አልቀበልም ስላለ ነው። ጥፋቱ የምልክት አይደለም፣ ምልክቱን እንዳለ የገለበጡት ሰዎች ነው። ደግሞ ኪሳችን የነበረውን የ1969 ሳንቲም አስቡት። እንግሊዝም ጀርመንም መትተውታል። የት እንደተመታ የሚለዩት ሰዎች የአንበሳውን የአገጭ ጠጉር እያዩ ነው! አንድ የግዕዝ ፊደል ብትቀመጥበት ምን ነበረበት?

ዓባይ ማዶ፦ የግዕዝ ከሆነች እስማማለሁ። በየምቱ ግን ትቀየር፣ እንደ ጠገራው አትድረቅ።