ክርክር፦ የመመረቂያ ጥናቱ ስለ ጫት ይሁን ወይስ ስለ ሜዳ ጭንቀት?

ጠያቂዋ፦ ድሬ ነው የምማረው፣ ስፖርት ሳይንስ፣ ተመራቂ ነኝ። ለስፖርት ሳይኮሎጂ ጥናት ሁለት ርዕስ ይዤ ግራ ገብቶኛል። አንዱ ጫት በከተማችን ወጣት ተጫዋቾች ሥነ ልቦና ላይ ያለው ተጽእኖ ነው። ሌላው ከጨዋታ በፊት ያለ ጭንቀት። አማካሪዬ ሁለተኛውን ያዢ ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ «እሱማ የፈሪ ርዕስ ነው» ይሉኛል። እናንተስ?

የመጋላው፦ አቦ የጫቱን ያዢ! የጫት ገበያው አወዳይ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስለ ሌላ ምን ይጠናል? ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሄደሽ እዪ፣ ከልምምድ ስንቱ እንደሚቀር። ከተማውን የሚያመውን ያልጠየቀ ጥናት መደርደሪያ ላይ አቧራ ነው የሚለብሰው።

የሳቢያኗ፦ ማመሙንማ ማን ካደ? እንዴት እንደሚጠና ንገረኝ እንጂ። ልጁ ስለቃመ ነው የተጨነቀው ወይስ ስለተጨነቀ ነው የቃመው? አንድ ቀን በሚሞላ መጠይቅ ይሄ አይለይም። እውነቱንስ ማን ይጽፍላታል?

ኮች፦ ማንም። ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ። ብጠይቃቸው ሁሉም «ኧረ ኮች፣ እኔ አልቅምም» ነው የሚሉኝ። ለወረቀት ብሎ ቋሚ ተሰላፊነቱን የሚያስነካ ልጅ የለም።

የመጋላው፦ ታዲያ ስም ሳይጻፍ በሳጥን ይሰብሰብ። ከባድ ነው ተብሎ ከተተወ መቼም አይጠየቅም።

የሳቢያኗ፦ ይጠየቅ፣ ግን ጊዜና ገንዘብ ባለው ሰው። ከ18 ዓመት በታች ላሉት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ልጅዎ ይቅማል ወይ» የሚል ወረቀት ቤት ላኪና እዪው! ደግሞ ትንሽ ጥያቄ የፈሪ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ትሪፕሌት በ1898 እ.ኤ.አ. የተነሳው ብስክሌተኞች ከሌላ ጋር ሲጋልቡ ለምን ይፈጥናሉ ብሎ ነው። ከዚያ ልጆችን ብቻቸውንና ከሌላ ልጅ ጋር የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ አስዞረ። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ደጋፊው፦ እኔ ሦስተኛ ልጨምር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነው የሚካሄደው። ድሬ ሲመጣ ልጆቻችን በኛ ፊት ይጫወታሉ። ሌላ ከተማ ሲሄድ ያ ሁሉ ሰው የለም። ደጋፊው ያግዛቸዋል ወይስ ያስጨንቃቸዋል? ወላሂ፣ አንዳንዴ ስናፏጭባቸው እግራቸው ሲተሳሰር አያለሁ።

የሳቢያኗ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! አንድ ክለብ ግን ትንሽ ነው። ውጤት ብቻ ከተቆጠረም ተጋጣሚው፣ ሙቀቱ፣ ጉዳቱ ሁሉ ይገባበታል። ጭንቀቱን ራሱን ለኪ። ሲኤስኤአይ-2 የሚባለው መጠይቅ 27 ጥያቄ አለው። የሐሳብ ጭንቀትን፣ የሰውነት ጭንቀትንና በራስ መተማመንን ለየብቻ ያወጣል። ያው ልጅ ተመልካች ባለበትና በሌለበት ጨዋታ ይሙላው፣ ከዚያ ይነጻጸር። በኦሮምኛና በሶማሊኛም አዘጋጂው። በአማርኛ ብቻ ከሆነ ግማሹ የጎረቤቱን አይቶ ነው የሚሞላው።

ጠያቂዋ፦ በቀበሌ ውድድር ባደርገውስ? ቡድኑ ይበዛል፣ ልጆቹንም ማግኘት ይቀላል።

የመጋላው፦ እሺ፣ አልጣላም። ግን ማታ ስንት ሰዓት ተኙ የሚል አንድ ጥያቄ አስገቢ። ጫቱ በዚያ በኩል ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የሳቢያኗ፦ ታስገባ፣ ማጠቃለያው ላይ ግን «ጫት ነው» ብላ እንዳትጽፍ። የነገ ጨዋታ እንቅልፍ የሚነሳውም አለ።

ኮች፦ የኔ ቡድን ጋ መምጣት ትችያለሽ። ከማሟሟቂያው በፊት አስሞያቸው። መስመር ላይ ቆመው ፊሽካ ሲጠብቁ 27 ጥያቄ ካቀረብሽላቸው ያልነበረውን ጭንቀት አንቺ ነሽ የምታመጪባቸው።