ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለኮምፒውተር ትምህርት ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ (የወላጅ ኮሚቴ አባል)
ሰላም ለሁላችሁ። በልጆቻችን ትምህርት ቤት የሥዕል፣ የሙዚቃና የኮምፒውተር ትምህርቱን ማስፋት ፈልገናል። አሁን አንድ ኮምፒውተር ላይ አራት አምስት ልጅ ነው የሚቀመጠው፤ አንዱ ማውስ ይይዛል፣ ሌሎቹ ከኋላ ያያሉ። ሥዕልም ቀለም ስላለቀ በእርሳስ ብቻ ሆኗል። ለድርጅቶች ደብዳቤ በትነን አንድም መልስ አላገኘንም። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።

መልስ 1
ደብዳቤው ምን ይላል? «ለትምህርት ጥራት ድጋፍ» ብቻ ከሆነ ሰው ምን እንደሚሰጥ አያውቅም። እኛም እንደዛ ጽፈን ዝም ተብለናል። በኋላ ዕቃ በዕቃ ዘረዘርነው፤ ይህን ያህል ብሩሽ፣ ይህን ያህል የውሃ ቀለም፣ አንድ ጊታር፣ ዋጋው ከጎኑ። ያኔ አንዱ «ብሩሹ በኔ»፣ ሌላው «ቀለሙ በኔ» ማለት ጀመረ። ትልቁን ገንዘብ የሰጠን ድርጅትም የመጣው ወላጆች የዝርዝሩን ግማሽ መሸፈናቸውን አይቶ ነው።

ጠያቂ
እኛም በትክክል «ለትምህርት ጥራት ድጋፍ» ብለን ነበር የጻፍነው። ኮምፒውተሩንስ?

መልስ 2 (የኮምፒውተር መምህር)
ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሚያስተምርበት አስቡ። በእርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ላስቲካቸው እንኳ ሳይነሳ ተቆልፎባቸው ሲቀመጡ አይቻለሁ፣ በጣም ያናድዳል። ለመምህር ሥልጠናና ለጥገና ከመጀመሪያው መድቡ፣ ምክንያቱም ለጋሾች ዕቃ መስጠት ይወዳሉ እንጂ ከዓመት በኋላ የተበላሸውን ለማሠራት የሚሰጥ ብዙ አይገኝም። ሶፍትዌር ላይ ግን ብዙ አታውጡ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ስክራች (ልጆች ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበት ሶፍትዌር) ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛም አለው። ልጆች በወረቀት የሳሉትን ፎቶ አንስተው እዛው ላይ እንዲንቀሳቀስና ድምፅ እንዲያወጣ ያደርጉታል። ስለዚህ ለሥዕልና ለኮምፒውተር ለየብቻ ከምትለምኑ አንድ ላይ ጠይቁ።

መልስ 3 (የሥዕል መምህርት)
የልጆቹን ሥራ አሳዩ። እኛ ጋ አንዲት ተማሪ ከካርቶን ቤት ሠርታ፣ ውስጡ በባትሪ የሚበራ ትንሽ አምፖል አስገብታ፣ መስኮቱን በቀይ ላስቲክ ሸፈነችው። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ያየው ነበር፤ የገንዘብ ሣጥኑ የሞላው በዛ ጠረጴዛ ነው። ልጆቹን ግን አሳዛኝ አድርጋችሁ አታቅርቧቸው፣ ወላጅ ሳይፈቅድም ፎቷቸውን አትለጥፉ። ገንዘቡ ሲገባ ደግሞ የተገዛውን ከነደረሰኙ ቶሎ አሳውቁ። ዘንድሮ የሰጠ ሰው ለከርሞ የሚመለሰው በዛ ነው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ የዕቃውን ዝርዝር እዛው ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን እንጽፋለን። የሥልጠናውን ወጪ እንዴት እንደምናሰላው ግን ዝርዝሩን ከጻፍን በኋላ እዚሁ እጠይቃችኋለሁ።