«ምች የሚባል በሽታ የለም» ላሉት ሐኪም

የደጀኗ፦ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ ሐኪም «ምች የሚባል በሽታ የለም፤ ቫይረስ ነው» ሲሉ ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። እናቴ ፀሐይ ላይ በርበሬ ስታሰጣ ውላ፣ በማግስቱ ከንፈሯ ውኃ ቋጥሮ ስንቴ አይቻታለሁ! ከሌለ ምን ነበር ያመማት?

ነርሷ፦ እኅቴ፣ ሐኪሙ ልክ ናቸው። ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘውና ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

የደጀኗ፦ ማን ይቀሰቅሰዋል ታዲያ?

ነርሷ፦ ትኩሳት፣ ድካም... የፀሐይ ጨረርም።

የደጀኗ፦ እኛስ ምን አልን? ፀሐይ መታኝ ነው ያልነው! «የለም» የሚለው ከየት መጣ?

ከሶዶ፦ «የለም» ማለት ለምደው ነው። እኛ አገር እግር ሲያብጥ ሽማግሌው «በዘር ነው» ይል ነበር፤ ባለሙያው ደግሞ ትንኝ ከሚያመጣው ዝሆኔ ጋር ሲቀላቅለው ኖረ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ እንደሚመጣ ያሳዩት እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የወላይታ ጥናት ደግሞ ዘርም ድርሻ እንዳለው አረጋገጠ። ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ነርሷ፦ ያ «በዘር ነው» ግን ስንቷን ልጅ ያለ ትዳር አስቀረ? ጫማና እግር መታጠብ ይከላከለው የነበረውን!

ከሶዶ፦ ያስቀራት ንቀት ነው እንጂ ቃሉ አይደለም።

ከመተማ፦ ቃሉም ይገድላል። የእኅቴ ልጅ ሲያተኩሰው «ምች ነው» ተብሎ ሁለት ቀን ዳማከሴ ታሸ፣ ጭማቂውም በቡና ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ወሰድነው፤ ወባ ነበር፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት። ተርፏል። እኔ ግን ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልችለውም።

የደጀኗ፦ እንኳን ተረፈላችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳማከሴ ግን ምን አጠፋ? ሐኪም ቤት አትሂዱ አላለም።

ከመተማ፦ ሁለት ቀን ወሰደብን።

የደጀኗ፦ እናቴ «የለም» ካሏት ሐኪም ዘንድ ዳግመኛ አትሄድም። የዚያን ጊዜ ወባ ቢይዛት ማን ያገኘዋል?

ነርሷ፦ ምን ይበሏቸው ታዲያ?

የደጀኗ፦ «ምች ነው እናቴ፣ ግን ደምዎን እንየው» ይበሏት።

ከመተማ፦ «ምች ነው» ከተባሉማ ደማቸውን ሳይሰጡ ነው የሚወጡት።