የኮካ ኮላ ጠርሙስ የሚታይበትን ፎቶግራፍ መሸጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦
የምኖረው በሜሪላንድ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሄጄ ያነሣኋቸውን ፎቶግራፎች ለመሸጥ እየተዘጋጀሁ ነው። ከሁሉም አብልጬ የምወደው፣ በአንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ፣ ስሙ በአማርኛ ፊደል የተጻፈበትና ከሣጥን ሣጥን ሲመላለስ ወገቡ የተፋፋቀ የኮካ ኮላ ጠርሙስ የሚታይበትን ነው። ይህን በትልቁ አሳትሜ ለግድግዳ ጌጥ ብሸጠው ወይም በስቶክ ፎቶ ድረ ገጾች (ለማንኛውም ገዢ የፎቶግራፍ መጠቀሚያ ፈቃድ በሚሸጡ ድረ ገጾች) ላይ ባወጣው ኩባንያው ሊከሰኝ ይችላል? ፎቶግራፉን ያነሣሁት እኔ መሆኔስ አይበቃም?

መልስ፦
ጤና ይስጥልኝ። የቅጂ መብት (ፈጣሪው ሥራውን የማባዛትና የመሸጥ መብቱ) እና የንግድ ምልክት (ዕቃው የማን መሆኑን የሚለይ ስም፣ አርማ ወይም ቅርጽ) የተለያዩ ናቸው። ብርሃኑንና ማዕዘኑን የመረጡት እርስዎ ስለሆኑ የፎቶግራፉ የቅጂ መብት የእርስዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የስካይ ቮድካን ጠርሙስ ፎቶግራፎች በሚመለከት ክርክር፣ ጠርሙሱ መገልገያ ዕቃ በመሆኑ በቅጂ መብት ባይጠበቅም ፎቶግራፉ ግን እንደሚጠበቅ ወስኗል። የንግድ ምልክት ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ገዢው ሥራው ከኩባንያው የመጣ ወይም በፈቃዱ የወጣ ይመስለው ይሆን? በክሊቭላንድ የሚገኘው የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚየም የሕንፃውን ቅርጽ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦ ሳለ፣ የሕንፃውን ፎቶግራፍ በፖስተር የሸጠውን ባለሙያ ያገደው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በይግባኝ ተሽሯል። ስለዚህ በስምዎ ፈርመው የሚሸጡት የግድግዳ ፎቶግራፍ ብዙም አያሰጋኝም።

ሌላ መልስ፦
ስቶክ ድረ ገጾቹ ግን ከሕጉም ይበልጥ ጥብቅ ናቸው። አርማ የሚታይበትን ምስል ለማስታወቂያ አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም ለዜናና ለትምህርታዊ ጽሑፍ ብቻ እንዲውል ኤዲቶሪያል በሚለው ክፍል ይመድቡታል። ጽሑፉን በፎቶሾፕ ማጥፋትም አያድንም፤ የጠርሙሱ ቅርጽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ተመዝግቧልና። ሥዕል ያለበትን የሌላ ዕቃ መለያ ወረቀት አቅርበው የሚያነሡ ከሆነም፣ ያ ሥዕል የራሱ የቅጂ መብት ሊኖረው እንደሚችል አይዘንጉ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በቲሸርትና በሲኒ ላይ ባትመውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ብሸጠውስ?

መልስ፦
ቲሸርቱንና ሲኒውን ይተዉት፤ ኩባንያው ራሱ በምልክቱ የሚያሠራቸው ዕቃዎች ስለሆኑ ገዢው በቀላሉ ይደናገራል። በኢትዮጵያ ፎቶግራፉን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ ጥበቃው ሥራው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ምልክቱን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ስለሆነ፣ ከማተምዎ በፊት ሁለቱንም ይዘው የሕግ ባለሙያ ያማክሩ።