ኩባያን ወደ ግራም ስለመለወጥ

ጥያቄ፦ ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ ኬክ እጋግራለሁ፤ የአሜሪካ የአሠራር መመሪያዎች ሁሉንም በኩባያ ስለሚለኩ፣ ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ በግራም ስንት እንደሚሆኑ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የአሜሪካው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የሻይ ብርጭቋችን ግን ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በዚህ ልክ ዱቄት 120፣ ስኳር 200፣ ቅቤ 227፣ ማር ደግሞ 340 ግራም ያህል ይመዝናል።

ሌላ መልስ፦ አስቸጋሪው ዱቄቱ ነው። በማንኪያ እየተጨመረ አፉ በቢላዋ ጀርባ ሲስተካከል 120 ግራም የሚሆነው ኩባያ፣ ከከረጢቱ ተጠቅጥቆ ከተዛቀ 150 ሊደርስ ይችላል፤ ኬክም ብዙ ጊዜ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ዲጂታል ሚዛን ቢገዙ ይሻላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንጥር ቅቤስ በዚያው ልክ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም፤ የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 ገደማው ስብ ሲሆን አብዛኛው ቀሪ ውሃ ነው፣ ንጥሩ ግን ውሃው ስለተነነ መጠኑ ይቀነሳል። ቅመም የገባበት ከሆነ ደግሞ ለወጥ ያቆዩት።