በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የበቀለ ቡናማ እንጉዳይ፦ በፎቶግራፍ ብቻ መለየት ይቻላል?

ጥያቄ፦
ከባሕሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ነፋስ በከመረው አሸዋ ላይ ረጅምና ጠንካራ ሣር በበቀለበት ቦታ አምስት እንጉዳዮች አገኘሁ። ቆባቸው ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ስነቅለው እግሩ ተቀንጥሶ አሸዋው ውስጥ ቀረ። ፎቶግራፍ ያነሣሁትም ከላይ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ነው? ይበላ ይሆን?

መልስ 1፦
ከመጨረሻው ልጀምርና፣ እባክዎ አይብሉት። ሣሩ አሞፊላ የሚባለው ከሆነ በቅድሚያ የምጠረጥረው ሳቲሬላ አሞፊላን ነው፤ ይህ እንጉዳይ በሞተ የሣር ሥር ላይ ስለሚያድግ እግሩ አሸዋ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ሆኖም ዋናው ማስረጃ ተቀንጥሶ የቀረብዎት ክፍል ነው። አማኒታ ከሚባለው የእንጉዳይ ወገን ገዳዮቹ ከእግራቸው ግርጌ ከረጢት የሚመስል ሽፋን ሲኖራቸው፣ ስቦ የሚነቅል ሰው ግን ያንን ከረጢት ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ ዙሪያውን በቢላዋ ቆፍረው ከነግርጌው ያውጡት።

መልስ 2፦
የስፖር (እንጉዳይ የሚራባበት ደቃቅ ዱቄት) አሻራም ይውሰዱ። ቆቡን ቆርጠው፣ የታችኛውን ገጽ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍተው፣ ብርጭቆ ከድነውበት ያሳድሩት። የሳቲሬላ አሻራ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ፣ የአማኒታ ደግሞ ነጭ ነው። አሻራው አፈርማ ቡናማ ከሆነና በአካባቢው ጥድ ወይም አኻያ ካለ ኢኖሳይቢ የሚባል ሌላ የእንጉዳይ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ መስካሪን የተባለ መርዝ አላቸው።

መልስ 3፦
አሸዋ ያታልላል። እኔ ራሴ ከአሸዋ ያወጣሁትን ድቡልቡል ነገር የሚበላው ክብ እንጉዳይ መስሎኝ ነበር፤ ለሁለት ስከፍለው ግን ከውስጡ ዝልግልግ ነገር ወጣ፤ ፋለስ ሃድሪያኒ የሚባል እንጉዳይ እንቁላል፣ ማለትም ገና ያልተከፈተ ለጋው ኖሯል። ወይን ጠጅ ቀመስ ቅርፊቱን በአሸዋው ምክንያት አላየሁትም። ውስጡ የእንጉዳይ ቅርጽ ቢታይበት ኖሮ ደግሞ ገና ያልተከፈተ አማኒታ ነው ብዬ በጠረጠርኩ። የገዳዮቹ አማኒታዎች መርዝ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከተበላ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚታየው፤ መቀቀልም አያጠፋውም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ተመልሼ ሁለቱን ቆፍሬ አወጣሁ፤ ከረጢት የለም፣ እግሩ አሸዋ ከተጣበቀበት የደረቀ የሣር ሥር ጋር ተያይዟል። ያሳደርኩት አሻራም በነጩ ወረቀት ላይ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው ቡናማ ነው። ሳቲሬላ አሞፊላ ሳይሆን አይቀርም ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ ከድስት ግን አይገባም።