ውሻዬ ዶሊ በእርግዝናዋ 54ኛ ቀን ሁለት ጣለች፤ የቀሩት ይተርፋሉ?

የዶሊ ጌታ፣ አያት

ሰላም ናችሁ? ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ የሚያውቅ ሰው ካለ ቶሎ ይመልስልኝ።

ዶሊ ጀርመን ሼፐርድ ናት፣ 4 ዓመቷ። ባለፈው 7 ወልዳ ሁሉም አድገዋል። አሁን እዚሁ ሰፈር ካለ ሰው ወንድ ውሻ ጋር ሁለት ጊዜ ተዳቀለች። በ30ኛው ቀን አልትራሳውንድ ስትነሳ አምስት ልብ ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ቀን መቁጠር ብቻ ሆነ።

ትናንት ጠዋት ምግቧን አልነካችም። ብርድ ልብሷ ላይ ቡናማ ፈሳሽ ነገር ነበር። ከሥራ ስመለስ ሁለት ጥላለች፣ ፀጉራቸው ገና በደንብ ያልወጣ። እንግዴ ልጁን ስትበላ ነው የደረስኩት። የ6 ዓመት ልጄ አንዱን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋ "ዝም በል፣ ተኝቷል" አለችኝ። ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርናቸው።

ማታ ክሊኒክ ወሰድኳት። መሣሪያውን የያዘው ልጅ "ሁለቱ በሕይወት አሉ። የአንዱ ልብ 210 ይመታል፣ የሌላው 170። 170 ራሱ ፈጣን ነው፣ አይዞህ" አለኝ። ስለ ሦስተኛው ምንም አላለም።

አንድ ጓደኛዬ "የፕሮጄስትሮን (እርግዝና የሚያጸናው ሆርሞን) መርፌ አስወጋት፣ ይይዝላታል" ይላል። ላስወጋት? በ40ኛው ቀን አካባቢ ከሥጋ ቤት ጥሬ ጨጓራ ሰጥቻት ነበር። ጥፋቱ የኔ ይሆን?

ሸገር ቦይ

ወንድሜ ይሄ የሰው ዓይን ነው። አልትራሳውንዱን ፌስቡክ ላይ የለጠፍክ ቀን ነው ያለቀው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ

አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ግን መርፌውን ተው። ፕሮጄስትሮን የሚሰጠው ደሟ ተለክቶ ሆርሞኑ በእርግጥ ወርዶ ሲገኝ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ2 ናኖግራም በታች ከሆነ እርግዝናው አይጸናም። ውስጥ የሞተ ወይም የተመረዘ ጽንስ እያለ ከተወጋች ግን ማህፀኗ ተዘግቶ ይቀራል፣ የሞተው እዚያው ይበሰብሳል። ያኔ የምታጣው እሷን ነው።

170 ለሰው ጽንስ ፈጣን ነው፣ ለቡችላ ግን አይደለም። ጤነኛ ቡችላ ከ200 በላይ ይመታል። ከ180 ሲወርድ ጽንሱ ተጨንቋል ማለት ነው። ምጥ ሲይዛት ለትንሽ ጊዜ ወርዶ ሊመለስ ስለሚችል ግን አንዴ ታይቶ አይፈረድም። ዛሬ ድጋሚ ይታይ፣ ሦስተኛውንም በደንብ ይፈልጉት። ልብ አድርግ፣ በ54ኛ ቀን በኦፕራሲዮን ቢወጡ ሳንባቸው ገና ነው፣ የመትረፍ ዕድላቸው የመነመነ ነው። ስለዚህ አሁን ቅድሚያ ለዶሊ። ትኩሳት ከያዛት፣ የሚሸት ወይም ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ካየህ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ውጣ።

ጨጓራው? ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊያመጣ ይችላል፣ አልክድህም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቀኑ ነው። ከ45ኛው እስከ 59ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ደህና የነበረች ውሻ ድንገት ስትጥል መጀመሪያ የምንጠረጥረው የውሻ ብሩሴላ የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ ነው። ወንዱ ምንም ሳይታመም በዘሩ ያስተላልፋል። የሁለቱም ደም ይመርመር። ነጻ ነው ቢባል እንኳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም።

በሽታው ወደ ሰውም ይሻገራል። ብርድ ልብሱን በጓንት አንሣ፣ ወለሉን በበረኪና እጠብ፣ ልጅህንም አርቃት። ትኩሳት ከያዛት ለሐኪሟ የሆነውን ሳትደብቅ ንገር። የሞቱት በፌስታል ታስረው ፍሪጅ ቢቀመጡ ኖሮ ላቦራቶሪ ይጠቅሙ ነበር። አሁን አትቆፍር።

እማማ ቡችላ፣ ሜሪላንድ

እኔ እዚህ 9 ዓመት አራብቻለሁ፣ ሁለቴ ጥለውብኛል። ከዚያ ወዲህ ለነፍሰ ጡር ሴት የሚሸጠውን፣ የጽንስ ልብ የሚያሰማውን የእጅ ዶፕለር ገዝቼ ከ50ኛው ቀን በኋላ ማታ ማታ አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ሳምንት የእናቲቱን ልብ እየሰማሁ ቡችላው ሊሞት ነው ብዬ አልቅሻለሁ! የእሷ 100 አካባቢ ነው። አሁን በአንድ እጄ የውስጥ ጭኗን የደም ሥር እይዛለሁ፤ ከዶፕለሩ እኩል ከመታ የሷ ነው። ለቀሩት ደግሞ ቴርሞሜትር ግዛ፣ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣ ለካ። ከ37.2 ሲወርድ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይመጣል ማለት ነው።

የዶሊ ጌታ፣ አያት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር፣ እማማም። ዛሬ ድጋሚ ታየች። የ210ሩ 214 ሆኗል። የ170ው የለም። ሦስተኛውም ከሞተ ሰንብቷል አሉኝ። ትኩሳት የላትም፣ ግማሽ ሳህን ሾርባ ጠጥታለች። ክሊኒኩ በየቀኑ ሊያያት ተስማምቷል።

ለወንዱ ባለቤት ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ የኔ ውሻ ንጹሕ ነው አለ። ከዚያ ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ከሱ ጋር የተዳቀለችው የሲኤምሲ ሰፈሯ ውሻም ባለፈው ወር ጥላ ነበር" አለኝ። ሰኞ ሁለቱንም ደም እናሰጣለን።